የእርሳስ ነጥብ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በጠፋበት ማታ፣
አራት ጊታር ግድግዳዬ ላይ፣ ሁሉም በየራሱ ቦታ፤
አንዱ አንገቱ የተጠገነ በአናጢው በደምሰው እጅ፣
አንዱ ከሠርግ ባንድ የተረፈ፣ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ልጅ፤
ሦስተኛው ክሩ የጎደለ፤ አራተኛው የማልነካው፣
ከአልጋዬ በዓይኔ የምለካው።

«በቃኝ» ብዬ መሰርሰሪያውን መለስኩ ለጎረቤት፤
ምናሴ ደወለ፦ «ቱሉ ዲምቱ ቀይ አለ፣ ከሟች ቤት።»

መበለቲቱ አቀበለችኝ፤ እንጨቱ በጣት ተበልቷል፤
ጉድጓዱ ላይ ጣቴን ባኖር፣ የሌላ ሰው ጣት ተኝቷል።
«ሌላ አልነበረውም» አለች።
ዋጋ ሳልጠይቅ ተመለስኩ፤
ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ግን ኪሴን ሁለቴ ዳሰስኩ።

ማታ የሠርጉን አወረድኩት፤ ሳለ፣ ሳለ፣ ድምፁ ሞቀ፤
ግድግዳው ላይ የእርሳስ ነጥቤ፣ የአምስተኛው፣ ግን አልተፋቀ።