ቢጫና ቀይ

ፖርቶ ማዘጋጃ ሕግ አለው የጸና፦
የነበረው ጥቁር፣ የሚፈርስ ቢጫና
አዲስ የሚሠራው ካልቀላ ቀለሙ፣
ከጠረጴዛ ላይ ይቀራል ማኅተሙ።

ግድግዳ ስነካ ይለኛል ሶፍትዌሩ፦
«ነባር ነው? ፈራሽ ነው? አዲስ ነው ነገሩ?»
ሦስት ደረጃ ብቻ፤ አራተኛ የለም፤
«ምናልባት» ለሚባል አልተሠራም ቀለም።

አቢሊዮ ልብስ ሰፊው፣ እህቱ ኤርሚንዳ፣
አንድ ቤት ነው ያላቸው፣ ጠባብ እንደ ጓዳ።
ባለጎማ ወንበሯ ኮሪደር አይገባ፣
ከሱቅ ወደ ኩሽና ዙሪያ ጥምጥም ነበር፤
በክረምት ወንድሟ ጃንጥላ ይዞ ሲዞር
ግራ ትከሻው ነው ሁልጊዜ የሚርሰው፤
ኮቱ አንድ ጎን ፈዟል፣ ልብስ ሰፊም ቢሆን ሰው።

አለቃዬ ዴኦሊንዳ በብዕር ጠቆመች፤
«እዚህ ጋ ቢጫ አድርጊ፣ እዚያ ጋ ቀይ» አለች።
ግድግዳው ቢጫ ሆነ፣ ቀይ በር ገባ በፊቱ፤
አንድ ሰከንድ ፈጀ ማፍረስ መገንባቱ።
ማጣሪያ ስቀያይር በመዳፊት ኮቴ
አሮጌ፣ ፍርስራሽ፣ አዲስ ሆነ ቤቴ፤
(ቤቴ እላለሁ እኔ፣ ኪራይ ሳልከፍልበት።)

መጀመሪያ ስለካው፣ በጣቴ ብመታው፣
ባዶ ድምፅ ሰጥቶኝ ነበር፤ ማን ይስማው!
ለድምፅ መጻፊያ ሣጥን ሶፍትዌሩ የለውም፤
ውፍረቱን መዘገብኩ፣ የቀረውን አላውቅም።

ማክሰኞ ኩስቶዲዮ መዶሻውን ሲያነሣ
ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገሸለጠ፣ ሳሳ፤
ከሥሩ መቃን ወጣ፣ ከነማጠፊያው ዝጎ፤
በር ነው፣ ሰው በጡብ የደፈነው ፈልጎ።
ቀይ ያደረግኩት በር፣ አዲስ ያልኩት፣ የኔ፣
ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፣ ሳይፈጠር ዐይኔ።

ኤርሚንዳ ሳቀች፦ «አባቴና አጎቴ
ተጣልተው ነው፣ በወይን፣ በአንዲት በርሜል፣ እቴ!
ሱቁ ለአንዱ ሆነ፣ ኩሽናው ለሌላ፤
እኛ በዝናብ ዞርን ከሰው ኩርፊያ ኋላ።»

ማታ ቢሮ ሆኜ ያንን በር ነካሁት፤
«ነባር? ፈራሽ? አዲስ?» ሦስቱንም ሞከርኩት።
ነባር ብለው ውሸት፣ አዲስ ብለው ውሸት፤
ፈራሽ ብለው ደግሞ ይጠፋል በቅጽበት።
ምን ላድርግ፣ ማኅተም አለ፤ ቀይ ብዬ ተውኩት።
ከማስታወሻው ሥር፣ በደቃቁ ፊደል፣
«ተመላሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማን ያነበዋል።

ቅዳሜ ኤርሚንዳ አለፈች በበሩ፤
ጎማዋ ላይ ያለው የጡብ ቀይ አቧራ
ኩሽናው ድረስ ሄደ ከቢጫው ልስን ጋራ።
ወንድሟ ግን ለምዶ በደጅ ዞሮ መጣ፤
ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ደመና በታጣ።