ክፍት ውሃ

ጥር በገባ ቁጥር፣ ሌሊት አሥር ተኩል፣
ቦት ጫማ አጥልቄ፣ በጥዱ ጫካ በኩል፣
መጥረቢያ በትከሻ፣ ባትሪዬን አብርቼ፣
እወርዳለሁ ወደ ሐይቋ፣ ሞቃት አልጋ ትቼ።

አባቴም ወርዶበት፣ አያቴም ወርዶበት፣
መንገዱ ጎድጉዷል፣ እግራቸው ያለፈበት።
የዘር ሥራችን ናት፤ ሐይቋ መዘጋቷን
በዓይን አይቶ መጻፍ፣ ወይም መከፈቷን።

እንስቷ አምላክ ማዶ፣ ባሏ ከኛ ዘንድ፣
በመካከል ውሃ፤ በረዶ ካልሆነ የለውም መንገድ።
ሲጠና ይሄዳል፤ ሐይቋ እንደ መብረቅ
በሌሊት ጮኻ ስትሰነጠቅ፣
«ተሻገረ» ብለን፣ ብሩሽ ቀለም ነክረን፣
ቀኑን እንከትብና ገብተን እንተኛለን።

መዝገቡ ከአምስት መቶ ዓመት ይልቃል ዕድሜው፣
ረሃብ አላቋረጠው፣ ጦርነት አልቀደደው።
አንዱ ቅድመ አያቴ፣ ልጁን ቀብሮ በማግስቱ፣
«ዛሬ ተዘጋች» ሲል ጽፏል፤
ሌላ ቃል አልወጣም ከሐዘን ቤቱ።
ማንም ስለ አየር ንብረት አላሰበም ያኔ፤
የከተቡት የአንድ ባል ናፍቆት ነው፣ እስከ እኔ።

«ክፍት» የምትል ቃል በጥንቱ ገጽ ላይ
በመቶ ዓመት ሁለቴ ብትታይ፣
ያውም የጸሐፊው እጅ ተንቀጥቅጦ፣
ቀለሙ ፈስሶ፣ መስመሩን አምልጦ።
እኔ ሞሪቶሺ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት የክህነት ዘመኔ
ሃያ አራት ጊዜ ጻፍኳት፤
እጄ ለመዳት።

ልጄ ቺጉሳ፣ ፊዚክስ ማስተማር ትታ፣
እንጆሪ ታለማለች፣ ከሐይቋ በላይ ላስቲክ ቤት ሠርታ።
አንድ ምሽት፣ ጣቷ ቀልቶ፣ ሣጥን እየሞላች፣
«ማነው ያሞቃት?» ብላት፣ እንዲህ አለች፦

«ብርሃን ከፀሐይ ወርዶ አየሩን ዘልቆ ያልፋል፤
ምድር ትጠጣዋለች፤ ከዚያ መልኩ ይለወጣል፤
ዓይን የማያየው ሙቀት ሆኖ ሽቅብ ይመለሳል።
ከሰልና ነዳጅ አንድደን የምንለቀው ካርቦን
ብርሃኑን ‹እለፍ›፣ ሙቀቱን ‹ቁም› የሚል ዘበኛ ሆነን፤
ይውጠውና መልሶ ይተፋዋል በየአቅጣጫው፣
ገሚሱን ወደ ጠፈር፣ ገሚሱን ወደ እኛው።»

«እንደ ላስቲክ ቤትሽ?» አልኳት። ሳቀች።
«ላስቲክ ንፋስ ያግዳል፤ ይኼኛው ብርድ ልብስ ነው» አለች።
«ድሮም ነበረ፣ ስስ ሆኖ፤ እሱ ባይኖር ኖሮ
ሐይቋ እስከ ወለሏ ድንጋይ ነበረች፤ የትስ ይገኝ ነበር ኑሮ?
በስሱ ላይ ደረብን፤ ዛሬም መደረቡ አላረፈ፤
ምድር ብርድ ልብስ ስትጨምር፣ ብርድ ልብሱን ተገፈፈ።»

«ፀሐይ ራሷ ብትሆንስ?» አልኳት፤ ካህን ነኝና
አማልክትን ጠርጥሬ አውቃለሁና።
«ፀሐይ ብትሆን ከሌሊት ይልቅ ቀኑ ይብስ ነበር፤
የላይ የላይኛውም ሰማይ አብሮ ይሞቅ ነበር።
እሱ ግን እየበረደ ነው።
ያንተስ ቴርሞሜትር? አብልጦ የጨመረው የቱ ነው?»

ዝም አልኩ።
የሌሊቱ ነው።

ባለፈው ዓመት ምሁራን መጡ፤ ጓንት አጥልቀው፣
ገጽ በገጽ ፎቶ አነሱ፣ ቀስ ብለው፣ አክብረው።
የባል ጉዞ ሁሉ ነጥብ ሆነ፣ ነጥቡም መስመር፤
ለአያቶቼ ሜዳ፣ ለእኔ ገደል ነበር።

ዛሬ ንጋት መጥረቢያ ሰነዘርኩ፤ ውሃ ተረጨ ፊቴ ላይ።
ሁለት ዲግሪ፣ ከዜሮ በላይ።
ከማዶ መብራት ብልጭ አለ፤ ኢሶኖ ናት፣ የዚያኛው መቅደስ ጠባቂ፣
ባሏ የሞተባት፣ እሷም እንደኔ ሐይቅ ጠያቂ።
ባትሪዬን ሦስቴ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ «አልመጣም» ማለት ነው በእኛ ቋንቋ፤
እሷም ሦስቴ መለሰች፤ በመካከል ጥቁር ሐይቋ።

ስመለስ፣ ከሸምበቆው ሥር፣
መዳፍ የምታህል በረዶ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስ፣
ጎህ ሳይነካት ታበራለች።
መጥረቢያዬን ከኋላዬ ደብቄ፣
ረግጬ እንዳልሰብራት፣ ዞሬ አለፍኩ፣
ቀስ።