ባቡር አከሳለሁ

ማታ ሦስት ሰዓት፣ ከለገሃር ጀርባ፣
ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ማኒላ ስትገባ፣
እሷ ዘንድ ስምንት ነው፣ የሌሊቱ ስምንት፤
ዶሮዋ ይጮኻል ከኔ ቃል በፊት።
«ሥራህን ንገረኝ» አለችኝ ሚስ ሎርና።
ወያላ ያፋጠጠው ተሳፋሪ ሆንኩና፣
ኪሴን ዳባብሼ ያገኘሁትን ቃል
ቆጥሬ ሰጠኋት፤ ዝርዝር ይመስላል፦
«እኔ... ባቡር... አከሳለሁ።»

ሳቀች።
ዶሮው ሳቀ።
እኔም ሳቅኩ፣ ግን ዘግይቼ፣ ኔትወርኩ ስለዘገየ፤
ሳቅ በስንት ባሕር ዞሮ እንደሚደርስ ማን አየ?

እውነቴን ነው ግን። ሥራዬ ቀን ቀን
ስብ መፈለግ ነው ገላልጦ ወለልን፣
ወንበርን፣ ጣራን፣ የበር ማጠፊያን።
ከአንድ የወንበር እግር ስድስት መቶ ግራም፤
ከእጅ መያዣው ዘንግ ኪሎ እንኳ አይሞላም።
ብረቱን አስወጥቶ በአልሙኒየም መተካት፣
ንብ ያላየው ሰፈፍ፣ ማር የሌለው ቀፎ
በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሀል ማስተኛት።

«ምን ያደርጋል?» ይላል አለቃዬ ወልደሰንበት፣
«አንተ ዓመት ሙሉ የቆጠብከውን ክብደት፣
አትክልት ተራ ደርሳ የምትመለስ ሴት
በግማሽ ጆንያ ድንች ትመልሰዋለች ባንድ ጠዋት።»

አልመልስለትም። ደግሞም ልክ ነው፤ አይቼዋለሁ።
ስቴዲየም ጣቢያ፣ ጠዋት አንድ ተኩል፣ ተሳፍሬያለሁ፤
የሰው ክርን ጎድኔ ውስጥ፣
አፍንጫዬ የማላውቀው ሰው ኮት ላይ፣
ጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ትምህርቱ፦
«ዘ»። ምላስህን በጥርስና በጥርስ መሀል። «ዘ»።
ምላሴን እንዳወጣሁ ባቡሩ ፍሬን ያዘ።
ደም የቀመሰች ድምፅ ናት፤
እስከ ዛሬ እፈራታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት ቃል ላከችልኝ።
አንደኛው ክብደት ነው፤ ሁለተኛው መጠበቅ።
ፊደላቸው ለየቅል፣ ድምፃቸው ግን አንድ፦ «ዌይት»።
ቁም ነገሩ፣ አለች፣ አገባባቸውን ማወቅ።
«ሁለቱንም አስገብተህ ዐረፍተ ነገር ሥራ።»
በማግስቱ ጣቢያው ላይ ቆሜያለሁ ከሕዝቡ ጋራ፤
አርባ ደቂቃ፣
ባዶ ሐዲድ እያየን፣
አንዲት ነፍሰ ጡር ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው ስትቀይር፣
የተማሪው ቦርሳ፣ የቀን ሠራተኛው አካፋ፣
ሁሉም ዌይቱን ተሸክሞ ዌይት ሲያደርግ፣
የቤት ሥራዬ ራሱ ተሠርቶ መጣ።
አልጻፍኩትም።
ግን ከዚያ ወዲህ ያቺን ስድስት መቶ ግራም ሳወርድ
ከነፍሰ ጡሯ ቁርጭምጭሚት የወረደች ይመስለኛል፤
ወልደሰንበት አይስማኝ።

ሰፈሬን ጠየቀችኝ። «ለገሃር» አልኳት። «ምን ማለት ነው?»
ጣቢያ ነው ትርጉሙ፣ በፈረንሳይ አፍ፤
ድሮ ሸክም አውራጁ፣ ደብተር ሳይገልጥ፣ ሳይጽፍ፣
ከባቡሩ ሰዎች ለቅሞ፣ አላምጦ ዋጠው፤
ዛሬ ማን ይለዋል የሰው አገር ቃል ነው?
ማንም አላረመውም፤ ማንም ነጥብ አልቀነሰበትም።
ይህን ሁሉ ልነግራት ፈልጌ
እንግሊዝኛዬ አልደረሰም።
«ጣቢያ» ብዬ ዘለልኩት።

ሰኞ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር በስክሪን እንገናኛለን፤
ሥዕሉን የማስረዳው እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።
«እሺ» አለች ሚስ ሎርና፣ «እኔ ፋብሪካው ልሁን።
አዲሱ ባቡርህ ላይት ነው?»
በዚያው ቅጽበት
ድፍን ለገሃር ጨለመ።
«ኖ ላይት» አልኳት፣ «ኖ ላይት፣ ሚስ ሎርና!»
መብራት ጠፋ ማለቴ ነበር።
ዝም አለች ትንሽ። ዶሮውም ዝም።
«አይዞህ» አለች፣ የታመመ ሰው እንደሚያጽናና፣
«ቀስ በቀስ ይቀልላል።»

አላረምኳትም።
በመስኮቴ ትይዩ፣ በድልድዩ ላይ፣
የመጨረሻው ባቡር አለፈ፣
ወንበሮቹ ባዶ፣
መብራቱ ብቻ ተሳፍሮበት።