ሌሊት በሜትር

በእኛ በቫርዶ ሰኔ ሲገባ ፀሐይ አትገባም፤
መሸ ቢሏት ነገሩ ጆሮዋ አይገባም።
ባሕሩ ጫፍ ደርሳ እግሯን ነክራ ታወጣለች፣
ዕቃ እንደ ረሳ ሰው ተመልሳ ትመጣለች።

ሚስቴ ራንቬይግ ሌሊት ነው ሥራዋ፣
የአረጋውያን ቤት፣ ፎቅ ላይ ነው ተራዋ።
ሲነጋ (ሲነጋ የሚባል ካለ እንግዲህ)
ጫማዋን በእጇ ይዛ ትገባለች ወዲህ፤
ትራስ ፊቷ ላይ ደፍታ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ፣
ብርሃኑ ግን ይከተላታል፣ ብርድ ልብሱን ሰርስሮ፣ በአንሶላው ሥራ።

አንድ ጠዋት ተነሣች፣ ዓይኗ ፍም መስሎ፦
"ኦድቫር፣ ጨለማ አይሸጥም ወይ፣ ተመዝኖ በኪሎ?"

"በኪሎስ የለኝም፣" አለች ጉንቮር ስቃ፣
ጥቁሩን ጥቅል ከላይ መደርደሪያ አውልቃ፤
"በሜትር ነው የምሸጠው። ገበሩ ወፍራም ነው፣
ብቻ ሳትቆርጠው በፊት በሙቅ ውኃ እጠበው።"
ሰማኋት።
አልሰማኋትም።

አርባ ዓመት ሙሉ መረብ ስጠግን ኖሬያለሁ፣
መርፌ ምን ሊከብደኝ? ብዬ ገብቻለሁ።
ግን መረብ ምንድነው? ቀዳዳ ነው የታሰረ፣
ውኃውን ለቅቆ ዓሣውን ያስቀረ፤
መጋረጃ ሌላ ነው፤ ቀዳዳ የማይወድ ጉድ፣
አሮጌ እጄን ጠየቀው የማያውቀውን መንገድ።

የአክስቴን የስፌት መኪና ከምድር ቤት አወጣሁ፣
ዘይት ቀባሁ፣ የሸረሪት ድሯን ጠረግሁ።
የመርፌው ዓይን ጠባብ፣ የኔ ዓይን ደካማ፣
ተፋጠን ዋልን ሁለታችን ሳንስማማ።
ክሩን በምራቅ አሹዬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
በሦስተኛው ቀን አሳለፍኩ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ምላሴን ነክሼ ተቀምጬ።

"አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ" ይባላል፤
እኔ ግን ገለበጥኩት፣ እንዲህም ይቻላል።
ስፒል ሳልሰካ፣ እጥፋቱን በካውያ ሳልተኩስ
ፔዳሉን ብረግጣት የሞተር ጀልባ መሰላት፤
ጨርቁን ይዛ ከነፈች፣ መልሕቅ እንደሌላት።
እጅጌዬንም ጨምራ ሰፋችው ከጠርዙ፣
ሸሚዜና ሌሊቱ ተሰፍተው ተያያዙ።
ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ደግሞ ሰፋሁ፣ ደግሞ ፈታሁ፤
ውጭ ቀኑ ሲሰፋ፣ ውስጥ እኔ ሰፋሁ።

ሲያልቅ ጠመኔው ይልቀቅ ብዬ አጠብኩት፣
ከገመድ ሳወርደው አንድ ስንዝር አጥሮ አገኘሁት።
(ጉንቮር ሱቋ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።)
ከአሮጌ የባሕር ካፖርቴ ቢጫ ቁራጭ ቆረጥኩ፣
ከግርጌው ቀጠልኩለት፣ አሁንም ጠማማ ሰፋሁ፣ ግን ጨረስኩ።

ሰቀልኩት። በሩን ዘጋሁ።
ጨለመ ልበል ብዬ አፌን ስከፍት አየሁ፦
የፈታሁት ስፌት ሁሉ፣ የመርፌው ቀዳዳ፣
ፀሐይ በዚያ ሾለከች፣ ያልተጠራች እንግዳ።
እዚያ ነጥብ፣ እዚህ ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ በትና፤
አፍሬ ቆምኩ፣ መዶሻው እጄ ላይ እንዳለ ገና።

ራንቬይግ በጀርባዋ ተኝታ ቀና ብላ አየች፦
"ኮከብም ሠራህለት?" አለች።
እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፣
ለመዋሸትም ሰነፍኩ፤
ዝም አልኩ።
ጣቷን ቀስራ ትቆጥር ጀመር ከጥጉ፦
"አንድ… ሁለት… ይሄኛው መርከብ ይመስላል፣ ያጋደለ…"
ዘጠኝ ላይ ድምጿ እንደ ክር ቀጠነ፣
አሥሩን አልጠራችም፤ ማንኮራፋት ሆነ።

አሁን ኅዳር አልቋል። ፀሐይ ገባች፣ ጨርሳ ገባች፤
እስከ ጥር ላትመለስ ቁልፉን ይዛ ሄደች።
መጋረጃው ታጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣
ቢጫ ጠርዙ ብቻ በበሩ ስንጥቅ ወጥቷል።
ትናንት ከጫማዋ በረዶ እያራገፈች
"ኦድቫር፣ አሁን ደግሞ ቀትር ስፋልኝ" አለች።

ጉንቮር ፊት ቆሜያለሁ። ቢጫ ጥቅል ዘርግታ፣
ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፦
"ስንት ይበቃሃል?"

እንጃ። ቀትር ለአንድ መኝታ ቤት ስንት ሜትር ይፈጃል?
ለትራሶቹም ጨምሪበት፣
ለሚበላሸውም ጨምሪበት።
መጀመሪያ ግን፣ ጉንቮር፣
አጥበዋለሁ።