ሠላሳ አንድ እርምጃ

ኡሻንጊ፣ ያን ችግኝ ስትተክል አየሁህ፤
ከምዕራቡ ጥግ ጉድጓድ ስትምስ፣ ጭቃ ለብሶ ጉልበትህ።
ዳሊ ገና የአርባ ቀን ልጅ፣ እኔም ገና አራስ ሳለሁ፣
«ዋልነት ነው» ስትል ሰማሁ፤
«መቼ ያፈራል?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ዐሥር ዓመት... ቢፈጥን ስምንት።»
ሳቅሁብህ፤ እኔ በእፍኜ ይዣለሁ በሰማንያ ቀን የሚደርስ እራት።

ያንተ ዛፍ የሚሻው ብዙ፦
ጥልቅ አፈር፣ ሰፊ ቦታ፣ ሪዮኒ ያመጣው ደለል፣
ከሌላ ዛፍ ሥር መራቅ፣ ከውርጭ በጭድ መከለል፣
በበጋ ውሃ በባልዲ፣ በብርድ ወራት እንቅልፍ፣
ከዚያም የአንድ ሰው ዕድሜ፤ እሱም ካልበቃው ትርፍ።

የእኔዋ ቦሎቄ ድሃ ናት፤ የምትጠይቀው ጥቂት፦
ሞቅ ያለ አፈር፣ የማይተኛ ውሃ፣ የምትወጣበት እንጨት።
ፍግ እንኳ አምጡ አትልም፤ ከነፋስ ቀምታ ትበላለች፣
በሥሯ እንክብል ቋጥራ ለመሬት መልሳ ትሰጣለች።
ግን አንድ ነገር አትተውም፦ ፀሐይ።
ሙሉ ፀሐይ። ከጧት እስከ ማታ ያልተጋረደ ሰማይ።

አምስት ዓመት ጸጥ አለ፤ ዛፍህ በቁመት ከዳሊ እኩል፣
ጥላውም አንዲት ዶሮ እንኳ ከፀሐይ የማይከልል።
በስድስተኛው ግን አየሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው
ሄዶ ሄዶ የመጀመሪያውን መስመር ነካው።
ሐረጓ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ተመዘዘ እንደ ክር፣
ከረጢቷ ተንጠለጠለ ያለ ፍሬ፣ ያለ ነገር።
አልተጣላሁህም፤ ካስማውን ነቀልሁ በጸጥታ፣
አንድ እርምጃ ወደ ምሥራቅ፣ ተከልሁት በአዲስ ቦታ።

በዓመቱም አንድ።
በዓመቱም አንድ።

አንተ ከላይ ትስቅ ነበር፣ ፍሬውን በሸንበቆ ስታራግፍ፣
እጅህ በልጣጩ ጠቁሮ፣ ሳሙና በማይገፍፈው እድፍ።
«ጺያላ፣ አትዘኚ» ትላለህ፤ «ሸክላው ውስጥ ይታረቃሉ።»
እውነትህን ነው። ቦሎቄው በስሎ፣ ዋልነቱ ተወቅጦ፣ ድንብላል ገብቶ ይዋሃዳሉ።
ግን ሸክላ እኮ ምን ያውቃል? የደረሰውን ነው የሚቀበል፤
ያልበቀለውን ማን ቆጠረ? እኔ ነኝ፣ ጎንበስ የምል።

ዳሊ የተዳረች ለታ ድግሱ ከዛፍህ ሥር ዋለ፤ መቶ ሰው አጠለለ፤
ቫርላም እንኳ፣ በቦይ ውሃ ስንካሰስ የኖርነው፣ ዋንጫ አንሥቶ «ረጅም ዕድሜ» አለ፤
ለሙሽራዋ ይሁን ለዛፉ አልገባኝም፤ ቀና ብሎ ነበር ያየው።
የኢመሬቲ ነሐሴ ድንጋይ ያነድዳል፤ ያለዚያ ዛፍ ማን ይችለው?
ያን ቀን ብቻ፣ ኡሻንጊ፣ አፍሬ ዝም አልሁ፤
ቦሎቄ ለመቶ ሰው ጥላ አይሆን።
በማግሥቱ ግን ካስማዬን ነቀልሁ።

አንተ ከሄድህ አምስት ክረምት። የእኔ እርምጃ አጥሯል፣
የጥላው እርምጃ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ቀድሞኛል።
ዘንድሮ ካስማዬን ይዤ ከግንዱ ጀምሬ ስቆጥር፣
ሠላሳ አንድ ስል፣ አጥር።
የቫርላም አጥር፤ ዝገት የበላው ሽቦ። ከዚያ ወዲያ መሬት የለኝም።

«ሽጪው» አለኝ የጣውላ ደላላ፣ ግንዱን በገመድ ሲለካ፤
ወገብህን የለካ መሰለኝ። እምቢ አልሁ። ሳላውቀው ለካ
ለባላንጣዬ ጠበቃ ሆኛለሁ።

ማታ ቫርላም መጣ። ጉጠት ይዟል፤ እንደምን አመሸሽም አላለኝ፤
ሁለት ካስማ ነቀለና፣ ሽቦውን ጠቅልሎ «ይኸው» አለኝ።
«በዚህ በኩል ፀሐይዋ ሥራ ፈት ናት። አምጪ ቦሎቄሽን።
ኪራዩ አንድ ጆንያ ዋልነት ነው፤ እንዳትረሺ ቃልሽን።»

ይኸው፣ ኡሻንጊ፣ ዛሬ ሠላሳ ሁለተኛውን ተራመድሁ፤
በሰው መሬት ላይ፣ በራሴ ዘር፣ አራት መስመር ዘራሁ።
ቀና ብዬ ወደ ኋላ ሳይ፣ ጥላህ አጥሩ ከነበረበት ደርሶ ቆሟል፤
እንደ እንግዳ ደጅ ላይ ያመነታል።
ለከርሞ ይሻገራል። አውቀዋለሁ።

ለቫርላም ገና አልነገርሁትም።