ሩብ ዙር

ጓሮ፣ ከዶሮው ቤት፣ ከቆርቆሮው ታዛ፣
ዐሥራ ሰባት ክረምት ዝገት እየገዛ፣
የደሴ ጉም ልሶት፣ ውርጭ ቆርጥሞት፣
ቆሟል ያባቴ ጃዋ፣ እዚያው ባቆመበት።

ቁራሌው በየወሩ በሩን ያንኳኳል፤
በዓይኑ ይመዝነዋል፣ በጣቱ ያሰላል።
እናቴም ትላለች፣ «ስጪው፣ ይገላገል፤
ተገትሮ ሊቀር ነው፣ ለማን ሊያገለግል?
ኮምቦልቻ ወርዶ ይቅለጥ፣ ሚስማር ይውጣው።»
ዝም እላለሁ። ባዶ ጆንያውን አንጠልጥሎ ይሄዳል ሰውዬው።

ዘንድሮ ሚያዝያ፣ ሥራ የፈታሁ ጊዜ፣
ሄድኩኝ ወደ ጓሮ ኪያቤዬን ይዤ።
ወንበሩ ላይ ግን ቀይዋ ዶሮ አለች፤
ዐሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች።
ዓይኗን አፈጠጠች። ምን ልበል? ተመለስኩ።
ጫጩት እስኪፈለፈል ሁለት ሳምንት ታገሥኩ።

ከዚያ ላምባ መጣ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣
ሎሚና አመድ፣ የጥርስ ብሩሽ ስባሪ፣ ብስጭት።
ዝገቱ ገባና መዳፌን ሲያቀላው፣
ጦይባ ጎረቤቴ በአጥር አየችው፦
«ሂና ነው? ደረሰ? ማነው የወሰደሽ?»
«ጃዋ» አልኳት።
«የየት አገር ሰው ነው? ለእኛ ሳትነግሪን ተዳርሽ?»

ቡሎኑ እንቢ አለ።
በእሳት ለበለብኩት፣ በመዶሻ ለመንኩት፣
«አብሽር» አልኩት፤
ላብሽር አልተፈታም።
ሰደብኩት።
ለስድብ ተፈታ።

ፒስቶኑን ዘይት አጠጥቼ፣ ከጁምዓ እስከ ጁምዓ ጠበቅኩት፤
ፋሻው ግን ተበልቷል፤ ሰኞ ገበያ ፈለግኩ፣ ባቲ ድረስ ወርጄ አጣሁት።
ኮምቦልቻ፣ ከቶርኖ ቤቱ፣ ሸጋው አልዩ አገላብጦ አየና፣
«ዘመድ የለውም ይኼ» አለኝ፤ ግን የሌላ ሞተር ፋሻ ሞርዶ
ዘመድ ሠራለት። ማታ ተመለስኩ፣
ሐረጎን በሚኒባስ ወጥቼ፣ ጉሙ ወርዶ።

የግራ መርገጫው ጠማማ ነው፣ ሐረጎ ላይ ከወደቀ ጀምሮ።
«ላም ሸሽቼ ነው» ይል ነበር አባቴ፣ ምሎ፣ ተማርሮ፤
«ተኝቶ ነው» ትላለች እናቴ፣ እስከ ዛሬ።
አላቀናሁትም። ክርክሩ አላለቀም።

ቀለሙን ስፍቀው
ከቀዩ ሥር አረንጓዴ፣ ካረንጓዴው ሥር ነጭ ፊደል፦
«ወባ ፲፬»።
እንድሪስ ይማም፣ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ፣
ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ በቆላው ሁሉ መንገደኛ፤
በየጎጆው ግድግዳ መድኃኒት ሲረጭ ውሎ፣
የሰው ትኩሳት ሲያባርር ውሎ፣
ሞተሩ ሲግልበት ደግሞ
ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ «ይብረድለት» ብሎ።
ፊደሉን ቀባሁበት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?
ዝገት ፊደል አይመርጥም።
ጣቴ ግን ከቀለሙ ሥር የት እንዳለ ያውቃል።

ሐምሌ፣ ሌሊት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ገፍቼ አወጣሁት፤
መቀስቀሻውም ማርሹም አንድ ብረት ነው፤ ረገጥኩት።
ረገጥኩት። ረገጥኩት።
በዐሥራ ዘጠነኛው ሳለ፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤
ዶሮዎቹ ከቆጥ ወረዱ፤ የጦይባ መብራት በራ፣ ጠፋ።

እናቴ ወጣች፣ ነጠላዋን ባናቷ ጣል አድርጋ።
«ስጪው» ልትል መሰለኝ።
ቀረበች። ጆሮዋን አዘነበለች፦
«እንዲህ አይንተባተብም» አለች፣
«ያባትሽ።
ከቧንቧ ውሃ መታጠፊያ ጀምሮ ነበር የምሰማው፤
ያኔ ሽሮ እጥዳለሁ፤ ድስቱ ሲንተከተክ በሩ ላይ ነው።
ቀነስ አድርጊው… በዛ… መልሺ… አሁንም ጥቂት…»
ካቻቢቴዬ ካርቡራቶሩ ላይ
እሷ እንዳለችው ይዞር ጀመር፤
ሩብ ዙር፣ የሩብ ሩብ፣ የፀጉር ያህል፣
ደግሞ ወደ ኋላ…
«ያው!»

ሌላ ቃል አልወጣትም። ገባች።
በሩን ግን አልቀረቀረችም፤
በዚያ ሁሉ ብርድ፣
ገርበብ አድርጋ ተወችው።