አሻሮ

የአባቴ ሞተር ነው፤ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሳለ
ሮቢት ላይ ቆላ ለቆላ ተሸክሞት የዋለ።
እኔ ማርሚታውን አሳጠርኩ፣ ዴፕራተሩን ከፈትኩ፣
ደብረ ብርሃን አምጥቼ ውርጭ ላይ አቆምኩ።
ያስላል። ጥቁር ይተፋል።
ዳገት ሲያይ ይለግማል።

ጋሽ ወንድይራድ ካርቡሬተሩን ፈታ፣ ቤንዚን ውስጥ ነከረ፣
ከኪቱ ጋር የመጣችውን ወረቀት መረመረ፤
«የጻፈው የባሕር ጠረፍ ሰው ነው፣ አየር የጠገበ፤
የኛን ደጋ፣ የኛን ስስ ትንፋሽ መች አሰበ?»
ወረቀቷን የእጁ ቅባት መጥረጊያ አደረጋት።

ስድስት ጂግለር፣ ናስ፣ የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ።
አንዷን ወደ መስኮቱ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤
«ይቺ ትበዛለች» አለኝ፣ ሌላዋን መዘነ።
«ካንዴላው ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቶበታል፣
ከነጣ ደግሞ ተርቧል፤ እየነደደ ይሄዳል።
አሻሮ እስኪመስል ነው፤ የተቆላ ገብስ።»
አሮጌዋን ክብሪት ቤት አድርጎ ኪሴ ውስጥ ከተታት።

ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ ጉም መሐል ቆሜ
ካንዴላውን ፈታሁ፣ ጣቴን ተለብልቤ፤
አሻሮ!
ጮኽኩ። አንድ ጭላዳ ከገደሉ ዞር ብሎ አየኝ።

ቁልቁል ወረድኩ፤ ደብረ ሲና አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ
የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ፣ ይንጣጣ ጀመር፣ ይንጣጣ።

ሮቢት። አባቴ ሳልደርስ ድምፁን ሰምቶ ከደጅ ወጥቷል፤
እኔን ሰላም ሳይል፣ ሞተሩን እያየ፣
«ይኼ ልጅ» አለ፣ «ተርቧል።»

የክብሪቱን ቤት ሰጠሁት።
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ናሷ ግን አልወደቀችም።